የአንባብያን ጥያቄ፦ የካቲት 23 ስንት ቀን ይውላል? መጋቢት 20ስ?

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ ጠዋት ጠዋት «ታሪክ በዛሬዋ ቀን» እናቀርባለን። ዓድዋን ስናነብ ተማሪዎች «ኢንተርኔቱ ማርች 1 ይላል፤ በዓሉ ግን ማርች 2 ነው» ይሉናል። የቱን እንያዝ? የአካባቢያችን ታሪክ የተገጣጠመበት ቀንስ ይኖራል? (ከድሬዳዋ)

መልስ፦ ሁለቱም ልክ ነው። በ1888 ዓ.ም. የካቲት 23 የዋለው ማርች 1 ነበር። በፈረንጆቹ ሕግ ለ100 የሚካፈል ዓመት ለ400 ካልተካፈለ ፌብሩዋሪ 29 የለውም፤ 1900 ያቺን ቀን ያጣው በዚህ ነው። የእኛ ጳጉሜን 6 ግን በየ4 ዓመቱ ሳታቋርጥ ትመጣለች። ስለዚህ ልዩነቱ በአንድ ቀን ሰፋ፤ ከዚያ ወዲህ የካቲት 23 ማርች 2 ሆነ። ከየካቲት 1892 ዓ.ም. በፊት ለሆነ ነገር በዛሬው ልዩነት ካሰላችሁ አንድ ቀን ቀንሱ። ሐረር አጠገብ ኤጀርሳ ጎሮ ላይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልደት ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. ነው። ብዙ ቦታ ጁላይ 23 ተብሎ ይታተማል፤ በትክክል ሲሰላ ግን ጁላይ 22 ነው።

ሌላው ወጥመድ ዘመነ ዮሐንስ ነው። ጳጉሜን 6 ስለቀደመችው ከመስከረም 1 እስከ ፌብሩዋሪ 29 የፈረንጁ ቀን በአንድ ይገፋል። የዚያ ዓመት ገና ታኅሣሥ 28 የሚከበረውም ለዚህ ነው። መጋቢት ከገባ በኋላ ችግር የለም።

ለእናንተ አካባቢ መጋቢት 20ን የሚያህል ቀን የለም። መጋቢት 20 ቀን 1928 ዓ.ም. 33 የጣሊያን አውሮፕላኖች ሐረርን በቦምብ ደበደቡ፤ ከተማዋ ጦር የማይሰፍርባት ክፍት ከተማ ተብላ ታውጃ ነበር። ልክ በ5 ዓመቱ፣ መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ድሬዳዋ ገቡ፤ የጣሊያን ይዞታዋም አበቃ። ሁለቱም በፈረንጆቹ ማርች 29 ነው፤ በየትኛውም አቆጣጠር አይፋለስም። ሁለቱን አንድ ጠዋት ላይ አጣምሩና አንብቡ፤ የሐረሩን አታሳጥሩት፣ ልጆቹ ሊያውቁት ይገባል። ሚያዝያ 27ም እንዲሁ ነው፦ በ1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ገባ፤ በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ተመለሱ።

ስታነቡ ከዓመቱ ቀጥሎ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለትን አትዝለሉ። «1928» ብቻ ካላችሁ አንዱ ተማሪ የወረራውን ዘመን ይሰማል፤ ሌላው ራስ ተፈሪ ንጉሥ የተባሉበትን የፈረንጆች ዓመት።