ከጠያቂዎቹ ወገን ተቀምጬ ያየሁት

ሰላም ልጆች፣

በሒሳብ ሥራ ስኖር ለሥራ ቃለ መጠይቅ ከጠያቂዎቹ ወገን ብዙ ጊዜ ተቀምጫለሁ። «ቦታው ቀድሞ ተይዟል፣ ሰው ከሌለህ አትልፋ» ስትባባሉ እሰማለሁ። እንዲህ ያለ ነገር የለም ብዬ አልዋሻችሁም፤ አለ። ግን ብዙ ጊዜ እነዚያ ጠያቂዎች ከልባቸው ሰው ቸግሯቸው ነው የተቀመጡት። የሚያጡት የሠራውን ነገር በወጉ የሚያስረዳ ሰው ነው።

«ቴል ሚ አባውት ዩርሰልፍ» ሲባል አብዛኛው ልጅ ከዩቲዩብ የሸመደደውን ያወርደዋል። «ሃርድ ወርኪንግ ነኝ፣ ቲም ፕሌየር ነኝ…» ከጠዋት ጀምሮ ይህንኑ ስንሰማ ቆይተናል፤ ዓይናችን ሻያችን ላይ ነው። ድክመትህ ምንድን ነው ሲባልማ «ፐርፌክሽኒስት መሆኔ» የማይል ከተገኘ ቡና በእኔ ነው።

አንዷን ልጅ ግን አልረሳትም። ቦታው የጀማሪ አካውንታንት ነበር። ሲቪዋ ላይ ዲግሪዋና የመውጫ ፈተና ማለፏ ብቻ ነው ያለው። «ልምድ የለሽም አይደል?» አላት ባልደረባዬ። «ተቀጥሬ አላውቅም። ግን አክስቴ መርካቶ ሱቅ አላት፣ ክረምት ክረምት እዚያ ነው የምውለው» አለች። ከዚያ ወሬው መጣ። የዱቤ ደብተሩ ላይ ያለው ዕዳ ደንበኞቹ አለብን ከሚሉት ይበልጣል። አክስቷ ሰው ሁሉ ሊክደኝ ነው ብላ ተቆጥታለች። ልጅቷ ቁጭ ብላ ደብተሩን ከአክስቷ ስልክ ጋር ስታመሳክር፣ ሰዎቹ በቴሌብር ከፍለው ኖሯል። ብሩ ገብቷል፣ ዱቤው ግን አልተሰረዘም። ከዚያ ወዲያ ሱቁ ከመዘጋቱ በፊት ማታ ማታ የስልኩን መልእክት ከደብተሩ ጋር ማየት ጀመሩ። ሪኮንሲሌሽን፣ ማለትም ሁለት መዝገብ አመሳክሮ ልዩነቱን ማግኘት፣ ታዲያ ሌላ ምንድን ነው? ሻዩ ተረሳ፤ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ሆነ። እሷም የኖረችበት ነገር ስለሆነ ሁሉንም መለሰች።

እናንተም እንዲህ ያለ ነገር አታጡም፤ ሥራ ስለማይመስላችሁ ነው የምትተዉት። የዕድር ጸሐፊ ለሆነ አባታችሁ መዋጮ መዝግባችሁ ይሆናል። የሥራ ማስታወቂያውን ያዙና ከተዘረዘረው እያንዳንዱ ተግባር አጠገብ «ይህን የሚመስል ምን ሠርቻለሁ?» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ ለእህት ወይም ለጓደኛ ድምፅ አውጥታችሁ ንገሩ። በልብ የተደረደረ ነገር አፍ ላይ ሲመጣ ይበተናል።

ራስን ማሞገስ ነውር ነው ተብለን ስላደግን ሌላም ችግር አለ። ስለ መመረቂያ ጽሑፍ ሲጠየቁ «በግሩፕ ሠራነው» ብለው ዝም የሚሉ ብዙ ናቸው። እኛ ግሩፑን በሙሉ አንቀጥርም። መጠይቁን ማን በተነ? ኤክሴል ላይ ማን አስገባ? የእናንተን ድርሻ እንደነበረ ተናገሩ፣ ጉራ የሚላችሁ የለም። እንግሊዝኛው መሐል ላይ ከጠፋባችሁም «በአማርኛ ላስረዳ?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔ በነበርኩባቸው ቦታዎች ብዙ ጊዜ ይፈቀድ ነበር።

ስለ ልብስ አላወራም፤ ንጹሕ ይሁን። ሰዓቱን ግን ልብ በሉ። በእንግሊዝኛ የመጣ ኢሜይል «9፡00 ኤኤም» ካለ በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ከቀትር በኋላ 9 ሰዓት ላይ ፋይሉን ታቅፎ የመጣ ልጅ አይቻለሁ። ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ሊሆን ይችላል፤ ካልገባችሁ ደውሉ።

ስንት ደመወዝ ትጠብቃለህ ሲባል «በድርጅቱ ስኬል» ማለት የተለመደ ነው። ስኬሉ በማስታወቂያው ከተገለጸ ይሁን። ካልተገለጸ ግን ተመሳሳይ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን አስቀድማችሁ ጠይቁና ቁጥር ተናገሩ። ያልተጣራ (ከተቀናሽ በፊት) ይሁን የተጣራ (እጅ ላይ የሚደርስ) መሆኑንም አብራችሁ ግለጹ። የግል ድርጅት ከሆነ የሥራ ግብሩ ሳይቆጠር 7 በመቶ ለጡረታ ይቆረጣል፣ አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል።

ካለፋችሁ ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ። አንዳንድ የግል ድርጅት «ለሙከራ 6 ወር» ይላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በትሕትና አንሱት፤ አንዳንዱ አሠሪ የድሮ ፎርም እየገለበጠ ስለሆነ ወዲያው ያስተካክለዋል።