ባክቴሪያ የሎጂክ ጥያቄ ሲፈታ፦ ጥያቄና መልስ

ጂናቸው ተቀይሮ የሎጂክ ጥያቄ (ከግብዓት ተነስቶ «አዎ» ወይም «አይ» የሚባልበት) ስለሚፈቱ ባክቴሪያዎች የቀረቡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው። ምሳሌዎቹ ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ የላቦራቶሪ ዝርያ ላይ ናቸው።

ጥያቄ፦ ባክቴሪያ ያስባል ማለት ነው?

መልስ፦ አያስብም። ጂን ይከፈታል ወይም ይዘጋል፣ ሎጂኩ ያለው እዚያ ነው። ተመራማሪዎቹ አንደርሰን፣ ቮይት እና አርኪን በ2007 ያወጡትን ኤንድ ጌት የተባለ የሎጂክ በር ውሰዱ፤ ሁለቱም ግብዓት ሲኖር ብቻ «አዎ» ይላል። አራቢኖስ የተባለው ስኳር ሲገባ የቲ7 አርኤንኤ ፖሊመሬዝ (ጂን የሚያነብ ፕሮቲን) ጂን ይነበባል። ግን በጂኑ ውስጥ ሁለት የ«አቁም» ኮዶኖች (የፕሮቲኑን ሥራ የሚያስቆሙ ምልክቶች) ስለተተከሉ ፕሮቲኑ ሳያልቅ ይቋረጣል። ሳሊሲሌት የተባለው ኬሚካል ሲጨመር ደግሞ ሱፕዲ የሚባል ቲአርኤንኤ (ለፕሮቲን መሥሪያ አሚኖ አሲድ የሚያመጣ ሞለኪውል) ይመረታል፤ በ«አቁም» ፋንታ ሴሪን የተባለውን አሚኖ አሲድ አስገብቶ ንባቡን ያሳልፋል። ፖሊመሬዙ ሲሟላ የጂኤፍፒን (አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን) ጂን ያስነሳና ሴሉ አረንጓዴ ያበራል።

ጥያቄ፦ ይህን ጌት ለመሞከር ስንት ቱቦ ያስፈልጋል? መጠኑስ?

መልስ፦ አራት፦ ምንም ያልተጨመረበት፣ አራቢኖስ ብቻ፣ ሳሊሲሌት ብቻ፣ ሁለቱም። ጂኤፍፒ የሌለው ባክቴሪያ ያለበት አምስተኛ ቱቦም የግድ ነው። አንድ ኮሎኒ (ከአንድ ሴል የተራባ ክምችት) በኤልቢ (የባክቴሪያ ማሳደጊያ ፈሳሽ) ከአንቲባዮቲኩ ጋር አሳድሩና በማግስቱ 1 ለ100 አቅጥኑት። በ37 ዲግሪ እየተነቃነቀ በ600 ናኖሜትር የሚነበበው የሴሎቹ ጥግግት 0.3 ገደማ ሲደርስ አከፋፍሉት። አራቢኖስ 0.2 በመቶ ይበቃል፤ ሳሊሲሌቱን ከትንሽ ተነስታችሁ እስከ 1 ሚሊሞላር በደረጃ ሞክሩ።

ለ4 ሰዓት ያህል ከቆዩ በኋላ ሴሎቹን በሴንትሪፊውጅ አውርዳችሁ በፒቢኤስ (የጨው መፍትሔ) እጠቧቸው፤ ኤልቢ ራሱ በአረንጓዴው በኩል ስለሚያበራ ንባቡን ያበላሻል። የእያንዳንዱን ቱቦ የብርሃን ንባብ ለጥግግቱ አካፍሉ፣ ከዚያ የአምስተኛውን ቱቦ ውጤት ቀንሱ። ካላካፈላችሁ የወፈረው ቱቦ ሁሉ «አዎ» ያለ ይመስላል።

ጥያቄ፦ አራቢኖስ ብቻ ባለበት ቱቦም ብርሃን አገኘሁ። ንድፉ ስህተት ነው?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ንድፉ ትክክል ነው፣ ችግሩ መጠኑ ላይ ነው። በወረቀት ላይ ያለው ዜሮ በሴል ውስጥ ዜሮ አይደለም። የሳሊሲሌቱ ፕሮሞተር (ጂኑን የሚያስነሳው የዲኤንኤ ክፍል) ሳይታዘዝም ትንሽ ቲአርኤንኤ ያፈሳል፤ ቲ7 ደግሞ እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ ጥቂቱ ብቻ ብዙ ጂኤፍፒ ያሠራል። ፕሮሞተሩን ከመቀየራችሁ በፊት በቲ7 ጂን መነሻ ላይ ያለውን የራይቦዞም መያዣ (ፕሮቲን መሥራት የሚጀመርበትን ቦታ) አዳክሙ። የተለያየ ጥንካሬ ያላቸውን በርካታ ቅጂዎች ሠርታችሁ አራቱንም ሁኔታ የሚያሟላውን ምረጡ። ቅድም የጠቀስኳቸው ተመራማሪዎችም ያስተካከሉት እዚሁ ላይ ነው። አድካሚ ነው፣ ግን አቋራጭ የለውም።

ጥያቄ፦ አራቢኖሱን ብቀንስ ብርሃኑ በዚያው ልክ ይቀንሳል?

መልስ፦ የቱቦው አማካይ ይቀንሳል፤ እያንዳንዱ ሴል ግን እንደዚያ አይደለም። አራቢኖስ የራሱን አስገቢ ፕሮቲን ስለሚያስመርት ቀድሞ የጀመረው ሴል ሙሉ በሙሉ ይበራል፣ ጎረቤቱ ጨለማ ይቀራል። በፍሎው ሳይቶሜትር (የእያንዳንዱን ሴል ብርሃን የሚለካ መሣሪያ) ስታዩት ሁለት ጉብታ ይወጣል። አስገቢው ሁልጊዜ የሚመረትበት ዝርያ ተጠቀሙ። ግሉኮስም በማሳደጊያው ውስጥ አይኑር፣ የአራቢኖሱን ፕሮሞተር ያፍነዋል።

ጥያቄ፦ ትናንት የሠራው ዛሬ ዝም አለ።

መልስ፦ ጂኤፍፒ ማምረት ሸክም ነው። በሚውቴሽን ሸክሙን የጣለ ሴል ፈጥኖ ይራባና ቱቦውን ይወርሳል። ከቀን ወደ ቀን አታሸጋግሩት፤ በ−80 ዲግሪ በግሊሰሮል ከተቀመጠው ሁልጊዜ አዲስ ኮሎኒ አውጡ።

ጥያቄ፦ ብዙ ጌቶችን አንድ ሴል ውስጥ ማጨቅ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ ግን ጌት በበዛ ቁጥር ሸክሙ ይከብዳል፣ እርስ በርስ የማይነካኩ ፕሮቲኖች ማግኘትም ይቸግራል። በ2016 ሴሎ የተባለው ሶፍትዌር ከነደፋቸው 60 ሰርኪዩቶች (የተያያዙ ጌቶች) በሁሉም ሁኔታ በትክክል የሠሩት 45 ናቸው፤ ለሕያው ነገር ይህ ትልቅ ውጤት ነው። እኔ የምመርጠው ግን በ2011 ታምሲር፣ ታቦር እና ቮይት የሄዱበትን መንገድ ነው፤ በየኮሎኒው አንድ ኖር ጌት (ሁለቱም ግብዓት ሳይኖር ብቻ «አዎ» የሚል) ብቻ አስቀምጠው አጋር በተባለው ጄል መሰል ማሳደጊያ ውስጥ በሚሰራጩ የመልእክት ሞለኪውሎች አገናኟቸው። ከኖር ጌት ብቻ ማንኛውንም ሎጂክ መገንባት ይቻላል። የኮሎኒዎቹን ርቀት ግን በጥንቃቄ ለኩ፤ ሲራራቁ መልእክቱ ቀጥኖ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ ከሙከራው በኋላስ?

መልስ፦ ባክቴሪያው በአውቶክሌቭ (በግፊት እንፋሎት የሚገድል ዕቃ) በ121 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ ሳይገደል ወደ ፍሳሽ አይደፋ።