የቅዳሜ ማታ ጥያቄና መልስ፦ አርኪ ውስጥ የሚሠሩ ስክሪፕቶችን እንዴት እንፈትሽ?

አስተናባሪ፦ ጅማ ያላችሁም፣ ከጅማ የወጣችሁም፣ እንደምን አመሻችሁ። ለአዲሶች ባጭሩ፦ አርኪ የድርጅትን አሠራር በአርኪሜት ቋንቋ የምንስልበት ነጻ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ነው። የሳልነውን ሞዴል እንለዋለን። ጄአርኪ ደግሞ እዚያው ውስጥ በጃቫስክሪፕት ስክሪፕት እንድንጽፍ የሚያደርግ ፕለጊን ነው። ኖድ የምንለው ጃቫስክሪፕትን ከአርኪ ውጭ ለብቻው የሚያስኬድ ፕሮግራም ነው። የዛሬው መላሽ አባ ሞዴል ናቸው። ስሙን ያወጣነው እኛ ነን። አባ ጅፋር በፈረሳቸው ስም ከተጠሩ እሳቸው በሞዴል ቢጠሩ ምን አለበት?

አባ ሞዴል፦ ከጥያቄው በፊት አንድ ነገር። ዋናው ሞዴል ላይ ቴስት አትሞክሩ። ኮፒ አድርጉ። ዛሬ ይህን ስንት ጊዜ እንደምደግመው እናያለን።

የኪቶ ልጅ፦ ጋሼ፣ ስክሪፕቴን በኖድ ልፈትሽ ስል ዶላር ምልክቷን አላውቃትም ይለኛል።

አባ ሞዴል፦ ልክ ነው፣ አያውቃትም። ዶላሯን፣ «ሞዴል»ን፣ «ሰሌክሽን»ን የሚሰጥህ ጄአርኪ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ጄአርኪ የሚሠራው ግራልቪኤም በሚባል ሌላ የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ ስለሆነ ኖድ ያለው ሁሉ እዚያ የለም። ድሮ ከጃቫ ጋር ይመጣ በነበረው ማስኬጃ፣ በናሾርን ነበር የሚሠራው፤ ናሾርን ከጃቫ 15 ጀምሮ ከጃቫ ውስጥ ወጥቷል።

ስለዚህ ስክሪፕቱን ለሁለት ክፈለው። አንዱ ያመጣል፣ አንዱ ያስባል። የቡና ማኅበር ሞዴል አለህ እንበል። እጥበት፣ ማድረቅ፣ ምዘና እያልክ ሥራዎቹን ስለሃል። «ባለቤት» የሚል ፕሮፐርቲ የሌላቸውን መለየት ፈለግህ። የሚያስበው ፈንክሽን ስለ አርኪ ምንም አይወቅ። ስምና ባለቤት ያለበት ተራ ዝርዝር ይቀበል፣ ባለቤት የሌላቸውን ስም ይመልስ፣ በቃ። እሱን ለብቻው ፋይል ውስጥ አስቀምጠው። የሚያመጣው ክፍል በዶላሯ ከሞዴሉ ይለቅማል፣ ወደ ተራ ዝርዝር ይቀይራል፣ ለአሳቢው ይሰጣል፣ ውጤቱን ኮንሶል ላይ ያወጣል። ይሄ ከአሥር መስመር ከበለጠ ማሰብ ጀምሯል ማለት ነው፤ መልሰህ ቀንስለት።

ቴስቱ የሚጻፈው ለአሳቢው ነው። ባዶ ዝርዝር ስጠው። ባለቤቱ ናል የሆነ፣ ማለትም ምንም ያልተሞላበት፣ ስጠው። ባለቤቱ አንድ ባዶ ቦታ ብቻ የሆነም ስጠው፤ ሰው ስፔስ ተጭኖ ሞላሁ ይላል። አንዲት ወጥመድ አለች፦ ፈንክሽኑን የቴስት ፋይሉ እንዲያገኘው ለኖድ ብለህ መጨረሻ ላይ የምትጽፋት የ«ሞዱል ኤክስፖርትስ» መስመር፣ ፋይሉን ጄአርኪ ውስጥ በ«ሎድ» ስትጠራው ኢረር ታመጣለች። መጀመሪያ «ሞዱል» መኖሩን በ«ታይፕኦፍ» ጠይቅ።

ቡና ቀማሽ፦ ጄስት ወይስ ሞካ?

አባ ሞዴል፦ ሁለቱም አያስፈልጉህም። ኖድ የራሱ የቴስት መሣሪያ አለው፤ ከኖድ ቁጥር 20 ጀምሮ የተረጋጋ ነው። ምንም ዳውንሎድ አይፈልግም። ኔትወርኩ ሲጠፋም ይሠራል።

የአጂፕ ልጅ፦ ስክሪፕቱን ከምከፋፍል የውሸት ዶላር ሠርቼ ኖድን ባታልለውስ?

ቡና ቀማሽ፦ እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው። በጣም ያዋጣል።

የኪቶ ልጅ፦ ምኑ ነው የሚያዋጣው? የውሸቷን ዶላር ማን ሊፈትሻት ነው?

ቡና ቀማሽ፦ አንተ ደግሞ! ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

አባ ሞዴል፦ እኔም አድርጌዋለሁ። የኔዋ የውሸት ዶላር ፕሮፐርቲ ሲጠፋ ባዶ ጽሑፍ ትመልስ ነበር። እውነተኛዋ የምትመልሰው ናል ነው። ቴስቱ ሁሉ አረንጓዴ፣ ስክሪፕቱ ግን አርኪ ውስጥ ገና ሲጀምር ወደቀ። ከዚያ ወዲህ ትቻታለሁ። ቀጥሉ።

ቆጪ፦ ጋሼ የኔ አይሠራም።

አባ ሞዴል፦ ምኑ?

ቆጪ፦ ስክሪፕቱ።

አባ ሞዴል፦ ወንድሜ፣ ሐኪም ቤት ሄደህ «አመመኝ» ብለህ ዝም ትላለህ? ኮንሶሉ ያለውን ገልብጠህ አምጣ።

የመርካቶዋ፦ አባ ሞዴል፣ ሁለት ኤለመንቶች ስማቸው አንድ ነው። ስክሪፕቴ ግን እኩል አይደሉም ይላል። ዓይኔን ልጠራጠር?

አባ ሞዴል፦ እህቴ፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስጠብቅ ነው የመሸው! አንዱ «ሠራተኛ» ሌላው «ሰራተኛ» ነው አይደል? ለእኛ አንድ ድምፅ ነው፣ ለኮምፒውተር ግን ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ። ሰና ሠ። አና ዐ። ጸና ፀ። ሁሉንም በየቤቱ ወደ አንድ የሚያመጣ ትንሽ ፈንክሽን ጻፊ። ለዩኒት ቴስት፣ አንዲትን ፈንክሽን ለብቻዋ ለመፈተሽ ማለት ነው፣ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም፦ ቃል ይገባል፣ ቃል ይወጣል፣ ከአርኪ ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» እኩል ይሁኑ። «ቡና» ሳይነካ ይውጣ። ግን የተስተካከለውን ለማወዳደር ብቻ ተጠቀሚበት፣ ሞዴሉ ውስጥ መልሰሽ አትጻፊው። ፊደል የሚጠነቅቅ ሰው «ሠረቀ» ሲል ወጣ ማለቱ ነው፤ አንቺ ሌባ ታደርጊዋለሽ።

ሌላም አለ። በሬጌክስ፣ በጽሑፍ መፈለጊያ ቀመር፣ ስም የምታጸዱ ሰዎች፣ ፊደልና ቁጥርን ትለያለች የምትባለው ባክስላሽ ደብልዩ የግዕዝ ፊደል አታውቅም። «ማድረቂያ» ገብቶ ባዶ ይወጣል። የዩኒኮድ ፊደልን የምታውቀዋን ባክስላሽ ፒ ተጠቀሙ፣ የ«ዩ» ምልክቷን አትርሱ። ለእሷም ቴስት ጻፉላት።

የአጂፕ ልጅ፦ ለዚህ እኮ ነው ሞዴል በአፋን ኦሮሞ ይሁን የምለው። ቁቤ እንዲህ ዓይነት ጣጣ የለውም።

ቡና ቀማሽ፦ ቢሯችን ውስጥ ግማሹ በአማርኛ ነው የሚጽፈው፣ ምን ልናደርገው ነው?

የአጂፕ ልጅ፦ መተርጎም ነዋ።

አባ ሞዴል፦ ቁቤም ጣጣ አለው። ሁዻዋን፣ ያቺን በፊደሎች መካከል የምትገባ ትንሽ ጭረት፣ አንዱ ቀጥ አድርጎ ይጽፋታል፣ ሌላው ጠመም አድርጎ። እኩል አይደሉም። ትልቅና ትንሽ ፊደሉም አለ። በፈለጋችሁት ቋንቋ ጻፉ፣ ቴስት ብቻ ይኑራችሁ። የቋንቋውን ክርክር ቡና ላይ ጨርሱት።

የመርካቶዋ፦ በኢትዮጵያ ቀን የተሞላ ፕሮፐርቲስ?

አባ ሞዴል፦ የዛሬውን ቀን ፈንክሽኑ ውስጥ አትጥሪው፣ ከውጭ ስጪው። አለበለዚያ ዛሬ ያለፈው ቴስት መስከረም 1 ይወድቃል። ጳጉሜን 6 ላይም ሞክሪው።

የኪቶ ልጅ፦ አርኪን ሳልከፍት ሁሉንም ማስኬድ እችላለሁ?

አባ ሞዴል፦ አርኪ በትእዛዝ መስመር ይሠራል፣ ጄአርኪም እዚያ ስክሪፕት ይቀበላል። ስክሪን በሌለው ሊኑክስ ላይ የማስመሰያ ስክሪን ያስፈልገዋል። በኮፒ ሞዴል ላይ።

ፈረንጅ አራዳ፦ ሰላም ጋሼ፣ አሁን ነው የገባሁት። ኖድ ዶላርን አላውቅም ይለኛል።

አባ ሞዴል፦ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

ፈረንጅ አራዳ፦ የት ጋ?

አባ ሞዴል፦ የመጀመሪያው ጥያቄ! የመጀመሪያው!

ቡና ቀማሽ፦ ላፕቶፕ ልገዛ ነው፣ ምን ይሻለኛል?

አባ ሞዴል፦ ባትሪው የሚቆይ። ሌላ?

ቆጪ፦ ጋሼ፣ ኮንሶሉን ከማመጣ ብዬ እስካሁን ያሉትን ሞከርኩ። ስም ማስተካከያውን ሞዴሉ ውስጥ መልሼ ጻፍኩት። ሁሉም ስም ተቀየረ።

አባ ሞዴል፦ ኮፒው ላይ ነው?

ቆጪ፦ …

አባ ሞዴል፦ አርኪን ዘግተኸዋል?

ቆጪ፦ አልዘጋሁም።

አባ ሞዴል፦ እንዳትዘጋው። ኮንትሮል ዜድ። አንዴ ብቻ።

ቆጪ፦ ተመለሰ!! ጋሼ ዕድሜ ይስጥልኝ!

አባ ሞዴል፦ አሚን። አሁን ኮፒ አድርግ።