ትራሱን ወደ ራስጌዎ ይመልሱት

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 29 ዓመቴ ነው። ካገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ አላረገዝኩም። ከግንኙነት በኋላ ፈሳሹ ተመልሶ ይወጣል። ከወገቤ ስር ትራስ አድርጌ፣ እግሬን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ ግማሽ ሰዓት እተኛለሁ። አምና ሆዴን አሞኝ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ነበረኝ። ከፋርማሲ ዶክሲሳይክሊን የሚባል አንቲባዮቲክ ገዝቼ ወሰድኩ፤ ሲሻለኝ ተውኩት። የማህፀን ቱቦዬ ተዘግቶ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ እንቅልፍ የነሳዎት «መካን ሆኜ ይሆን?» የሚለው ይመስለኛል። እስካሁን የነገሩኝ ነገር ያንን አያሳይም። አይዞዎት።

ፈሳሹ የሁሉም ሴት ይወጣል። ጠንካራዎቹ የዘር ፍሬዎች ግን እሱን አይጠብቁም፤ በደቂቃዎች ውስጥ በማህፀን በር በኩል ይገባሉ። ከሚሊዮኖቹ ቱቦው ድረስ የሚዘልቁት ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። ይህ የማንኛዋም ጤነኛ ሴት ተፈጥሮ ነው፤ እግር መስቀል አይለውጠውም። ደግሞም ቱቦው ዝም ብሎ መተላለፊያ አይደለም። የዘር ፍሬዎቹ ጠባቡ ክፍል ላይ ሲደርሱ ጭንቅላታቸውን ከግድግዳው አጣብቀው እንደሚቆዩ ይታመናል። እንቁላል የምትወጣበት ጊዜ ሲቃረብ ጥቂት በጥቂት ይላቀቁና ጅራታቸውን በኃይል እያወናጨፉ ወደ ሰፊው ክፍል ያመራሉ። በሰውነትዎ ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆዩ ይችላሉ። እንቁላሏ ግን ከ24 ሰዓት አታልፍም። ስለዚህ በየሁለት ቀኑ መገናኘት ይበቃል። ትራሱ ለራስዎ ይሁን።

እኔን ያሳሰበኝ ዶክሲሳይክሊኑ ነው። «ሲሻለኝ ተውኩት» የሚለውን ስንት ጊዜ ሰማሁት! ሳይመረመሩ፣ ምን እንደያዘዎት ሳያውቁ ለምን? እንደ ክላሚዲያ ያለ በግንኙነት የሚተላለፍ ኢንፌክሽን ሕመሙ ከጠፋ በኋላም ውስጥ ውስጡን ቱቦውን ሊጎዳ፣ ጠባሳ ሊጥል ይችላል። ባለቤትዎስ አብረው ታክመዋል? ካልታከሙ መልሶ ሊይዝዎት ይችላል። ከእንግዲህ ያለ ምርመራ አንድ ፍሬ እንዳይወስዱ።

በዚህ ሳምንት ሁለታችሁም ማህፀን ሐኪም ጋ ሂዱ። አንድ ዓመት ሞክሮ ያላረገዘ ሰው መጠበቅ የለበትም። የባለቤትዎ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ይቅደም፤ ቀላል ነው። ለእርስዎ ደግሞ ማህፀን ውስጥ ቀለም ተደርጎ በራጅ የቱቦው ሁኔታ ይታያል። እንደ ወር አበባ ቁርጠት ሊያምዎት ይችላል፤ ቶሎ ያልቃል። አንዱ ተዘግቶ ቢገኝ እንኳ በሌላው ማርገዝ ይቻላል።

ጠባሳ ያለበት ቱቦ ግን ጽንሱን ማህፀን ሳይደርስ መንገድ ላይ ሊያስቀረው ይችላል፤ ይህ አደገኛ ነው። የወር አበባዎ ቀርቶ በአንድ ጎን ሆድዎን ካመመዎት ወይም ራስዎን ካዞረዎት፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። እስኪነጋ አይጠብቁ።