የኢንዴቨርን ሞዴል ሐዋሳ ላይ ከባዶ ለመሥራት ለጠየቅከው ወንድሜ

«ኢንዴቨርን በ1፡64 ልሠራ ነው፤ ሐዋሳ ምን እንጨት አገኛለሁ? ፕላኑንስ እንዴት ላሳትም?» ብለሃል። ኢንዴቨር ካፒቴን ኩክ የተጓዘባት የእንግሊዝ መርከብ ናት፤ 1፡64 ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛዋ 64 ጊዜ ያነሰ ነው ማለት ነው። የእንጨቱ መፍትሔ ደጅህ ላይ ነው። ገንዘብና ድካም የሚቀበረው ማተሚያ ቤት ስለሆነ ከዚያ ልጀምር።

1. ፕላኑ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መርከቧን በ1768 ሲገዛ የተነሡት ንድፎች ግሪኒች በሚገኘው የባሕር ሙዚየም አሉ። የዚያ ዘመን ንድፍ በ1፡48 ስለሚሠራ፣ ፋይሉ የዋናውን ወረቀት መጠን ከያዘ ወደ 1፡64 የሚመጣው በ75 በመቶ ሲታተም ነው። ይህን አስረድተኸው የማተሚያ ቤቱ ልጅ «እሺ» ይልና «ከወረቀቱ ጋር አስማማ» የሚለውን ተጭኖ ይልከዋል። ማሽኑ ለጠርዙ ቦታ ሲተው 3 በመቶ ያህል ያሳንሰዋል። በዓይን አይለይም። መርከቧ ግን 32 ሜትር ገደማ ስለሆነች ሞዴሉ 50 ሴንቲ ይመጣል፤ 3 በመቶው አንድ ሴንቲ ተኩል ነው። ሁሉም ወረቀት በእኩል መጠን ቢቀንስ እንኳ በተሻለ ነበር። የጎን እይታው በአንድ ማሽን፣ ፍሬሞቹ (የመርከቧ የጎድን አጥንቶች) በሌላ ማሽን ከታተሙ ግን ኪሉ (ከታች በቁመቷ የሚሄደው አከርካሪ) እና ፍሬሙ አይገጥሙም። ይህም የሚታወቀው ኮምፔንሳቶው ተቆርጦ ካለቀ በኋላ፣ ሳንቃው ፍሬሙ ላይ አልተኛ ሲል ነው። ያኔ እንደገና ከመቁረጥ ሌላ መውጫ የለም።

ስለዚህ የብረት ማስመሪያ ይዘህ ሂድ። ንድፉ ላይ በጫማ የተከፋፈለ የመለኪያ መስመር አለ። በ1፡64 የ50 ጫማ ርዝመት 238 ሚሊ መሆን አለበት፤ 231 ካነበብክ ተቀንሷል ማለት ነው። ከማሳተምህ በፊት ፋይሉ ላይ እኩል ርዝመት ያለው መስመር ወደ ላይም ጨምርበት፤ ጥቅል ወረቀት የሚስበው ማሽን አንዳንዴ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይለጥጣልና። ኤ ፎር ወረቀት እየቀጣጠልክ አትድከም፤ የሕንፃ ፕላን የሚያትሙት ጋ ሂድና ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በአንድ ማሽን አሳትም። «ያው ነው፣ ምን ልዩነት አለው» እያሉ ፊታቸውን የሚያዞሩ አሉ፤ ይህ በጣም ያበሳጨኛል። ልኩ ካልመጣ አትክፈል። የከፈልክበትን ሥራ በልኩ መቀበል መብትህ ነው።

2. እንጨት። ዋንዛ ለቁም ሳጥን ግሩም ነው፤ ለዚህ ግን አይሆንም። የእንጨቱ ቀዳዳ በ1፡64 ሲታይ ሳንቃው የተሰነጠቀ ይመስላል። ባሕር ዛፍ ይጣመማል። የምትፈልገው ድፍን፣ ቀዳዳውና መስመሩ የማይታይ እንጨት ነው፤ ያ ደግሞ ቡና ነው። በሲዳማ ገበሬው ያረጀ ቡና ሲጎነድል ግንዱ ለማገዶ ይሄዳል። ከውጭ በውድ ከሚመጣው የዋልነት ሳንቃ እጅግ ይበልጣል፤ ይህን በሙሉ ልብ ነው የምናገረው። ያረጀ የሎሚ ወይም የብርቱካን ግንድም እንዲሁ ጥሩ ነው። እርጥቡን በቁመቱ ፍለጠው፣ ሁለቱን ጫፍ በሻማ ሰም ድፈን፣ ጥላ ውስጥ አየር እንዲያገኝ አድርገህ ደርድረው። ፀሐይ ላይ ካሰጣኸው ከጫፉ ይሰነጠቃል።

ስንጠቃውን ለዕቃ አናጺ አትስጥ። የእሱ መጋዝ 3 ሚሊ ይበላል፤ አንተ የምትፈልገው ሳንቃ ውፍረቱ 1.2 ሚሊ፣ ወርዱ 4 ሚሊ ነው። ከሁለት ሦስተኛ በላዩ ዱቄት ሆኖ ይቀርብሃል። ቀጭን ምላጭ ያለው ትንሽ የጠረጴዛ መጋዝ ፈልግ። የሳንቃው ርዝመት ከ11 ሴንቲ አይብለጥ፤ እውነተኛው ሳንቃ 7 ሜትር ገደማ ነበርና ከአፍንጫ እስከ ኋላ በአንድ ወጥ ሳንቃ የተሸፈነ ሞዴል ውሸት ነው። በአንድ ፍሬም ላይ ሁለት የሳንቃ ጫፍ መጋጠሚያ ከመጣ በመካከላቸው ሦስት ሙሉ ሳንቃ ይኑር።

የኢንዴቨር አፍንጫ ድፍን ክብ ነው፤ የድንጋይ ከሰል ጫኝ ሆና ነው የተሠራችው። ሳንቃው እዚያ ሲደርስ መጥበብ አለበት። በየፍሬሙ ላይ የወረቀት ጥብጣብ ጠምጥመህ ለካና ለሳንቃው ብዛት አካፍል፤ ወርዱ ከግማሽ በታች ከወረደ ሁለቱን ሳንቃ በአንድ ተካ። እንጨት የሚታጠፈው በሙቀት እንጂ በውኃ ብቻ አይደለም። የፈላ ውኃ ውስጥ ነክረህ በጋለ ቧንቧ ላይ እጠፈው፣ በሞርሳ አስረህ አሳድረው፣ ሲደርቅ ብቻ በኮላ ለጥፈው። እርጥቡን ከለጠፍከው ሲደርቅ ጠብቦ በየመካከሉ ክፍተት ይተዋል።

ገመድ ላይ አንድ ነገር ልብ በል፦ የድሮ ሰንጠረዦች የሚጽፉት ዙሪያውን እንጂ ውፍረቱን አይደለም። «12 ኢንች» ካለ በ3.14 አካፍለህ ነው ወደ 1፡64 የምታወርደው፤ 1.5 ሚሊ ይመጣል። ይህን ያልተረዳ ሰው መርከቧን በሦስት እጥፍ በወፈረ ገመድ ያስራታል። የዓሣ መረብ ናይለን አትጠቀም፤ ያብለጨልጫል፣ ይላላል። ምሰሶ የሚይዙት ገመዶች ሬንጅ የተቀቡ ስለነበሩ ጥቁር ቡናማ፣ ሸራ የሚጎትቱት ደግሞ ነጣ ያሉ ይሁኑ።

ከሆዷ በታች መዳብ እንዳትለጥፍ። ኢንዴቨር መዳብ አልነበራትም፤ እንጨት ከሚበላው የባሕር ትል የጠበቃት በላይዋ የተደረበ ተጨማሪ ሳንቃና ጥቅጥቅ ብሎ የተመታ ምስማር ነው። የታችኛውን ክፍል ደብዘዝ ያለ ነጭ ቀባው፤ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽም አታስነካው።