ሕንፃው ሳይሠራ ፍጆታውን መገመት፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ ሕንፃ ኢነርጂ ሲሙሌሽን፣ ማለትም የሕንፃን ሞዴል በኮምፒውተር ሠርቶ የኢነርጂ ፍጆታውን ስለ ማስላት፣ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጡልኝን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ ተማሪ ነኝ፤ ለሶፍትዌር የምከፍለው የለኝም። በምን ልጀምር?

በኢነርጂፕላስ ጀምር። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር ያወጣው ነፃ ፕሮግራም ነው። ብቻውን ግን የሕንፃ ስዕል አያሳይህም፤ የጽሑፍ ፋይል ተቀብሎ ቁጥር ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ኦፕንስቱዲዮን አብረህ ጫን፤ እሱም ነፃ ነው። ዲዛይንቢልደር ለአጠቃቀም ይቀላል፣ ግን ይከፈልበታል። ከጀርባ ሆኖ የሚያሰላለት ያው ኢነርጂፕላስ ነው።

ጥያቄ፦ ውስጥ ውስጡን ምንድን ነው የሚያሰላው?

ሙቀትን። ዓመቱ 8,760 ሰዓት አለው። ፕሮግራሙ በየሰዓቱ፣ ብዙ ጊዜም በየ10 ደቂቃው፣ ለእያንዳንዱ ዞን (እንደ አንድ ለሚታሰብ የሕንፃው ክፍል) የሙቀት ገቢና ወጪ ይይዛል። በግድግዳና በጣሪያ ያለፈው፣ በመስኮት የገባው ፀሐይ፣ ከሰው፣ ከመብራትና ከኮምፒውተር የወጣው፣ በስንጥቅ የሾለከው ሁሉ ይደመራል። ጉድለቱን ማሞቂያው፣ ትርፉን ማቀዝቀዣው ያስተካክለዋል።

ጥያቄ፦ ለቦታው የአየር ሁኔታ ፋይል (ፕሮግራሙ የሚያነበው የዓመቱ የሙቀትና የፀሐይ መረጃ) አጣሁ። የቅርብ ከተማ ልጠቀም?

ይቻላል፤ ግን ርቀቱን ብቻ አትይ። ከፍታውንም እይ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። ተራራ ሥር ያለ ቅርብ ከተማ፣ ራቅ ብሎ በተመሳሳይ ከፍታ ላይ ካለ ከተማ የባሰ ሊያሳስትሽ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሕንፃው ተሠርቶ ቆጣሪው ሲነበብ ከገመትነው በጣም በለጠ። ሶፍትዌሩ ዋሸን?

አልዋሸም፤ የነገራችሁትን ነው ያሰላው። እኔ የሰው ሞዴል ስመረምር ከግድግዳው ውፍረት በፊት የማየው የሰዓት ሰሌዳውን ነው። ቢሮው ከጠዋቱ 2 እስከ 11 ሰዓት ይሠራል ተብሎ ይሞላል። ከ11 በኋላ ሁሉም ነገር ዜሮ። እውነተኛው ቢሮ ግን እንዲህ አይደለም። ጽዳቱ ማታ ነው፣ መብራቱ ይበራል። ሰርቨሩ አይጠፋም። ኤሲውን ቅዳሜ የሚያጠፋው የለም። እስቲ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ቆጣሪው ስንት እንደሚል እዩ፤ ብዙውን ጊዜ ልዩነቱ እዚያ ነው የተደበቀው።

ሌላም አለ። ሞዴሉ የተሠራው ለሕንፃ ፈቃድ ከሆነ፣ መደበኛ ግምቶች ነው የያዘው። ሊፍቱን ወይም የወጥ ቤቱን ዕቃ ጭራሽ ላይቆጥር ይችላል። የእሱን ውጤት ከቢል ጋር ማወዳደር ሞዴሉን መበደል ነው። ከቢል ጋር ማስታረቅ ከፈለጋችሁ ግቤቶቹን በሚታየው እውነት ተኩና እንደገና አስሉ። የአሽሬ (የአሜሪካ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ መሐንዲሶች ማኅበር፣ ASHRAE) መመሪያ 14 በወርሃዊ መረጃ ሲመዘን አማካይ ልዩነቱ ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ንድፉ ገና አላለቀም። ሞዴል ለመሥራት አልቸኮልኩም?

ኧረ በጭራሽ! ትክክለኛው ሰዓት አሁን ነው። ንድፉ ካለቀ በኋላ የሚቀየረው የኤሲው ዓይነት ብቻ ነው። አሁን ግን ሕንፃውን ማዞር ትችላለህ። አንድ ቀላል ሳጥን ሥራ። የምዕራቡን መስታወት ቀንስና አስላ። ወደነበረበት መልሰህ ጥላ ጨምርና አስላ። ሁለቱን አንዴ ከቀየርክ የትኛው እንደረዳ አታውቅም። በዚህ ደረጃ ዋናው ትክክለኛው ቁጥር ሳይሆን የትኛው አማራጭ እንደሚበልጥ ነው።

ጥያቄ፦ እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ ልሣል?

አያስፈልግም። አቅጣጫቸው፣ አገልግሎታቸውና የሙቀት መቆጣጠሪያቸው አንድ የሆኑትን አንድ ዞን አድርጊ። መስኮት ዳር ያለውንና መሃሉን ግን አትቀላቅዪ፤ ፀሐይ የሚመታው ዳሩን ነው።

ጥያቄ፦ ደንበኛዬ አንድ ቁጥር ብቻ ስጠኝ ይላል።

ከዚህ እስከዚህ ብለህ ስጠው። ሰው ሲበዛና ሲያንስ፣ ኤሲው 22 ዲግሪ ላይና 25 ላይ ሲሆን እያሰላህ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን አሳየው።

ጥያቄ፦ ስህተት የገባበትን ሞዴል በምን አውቃለሁ?

መጀመሪያ የወለሉን ስፋት ከፕላኑ ጋር አመሳክሪ። ቀጥሎ የተፈለገው ሙቀት ያልተጠበቀባቸውን ሰዓቶች እዪ፤ ከበዙ መሣሪያው አንሷል ወይ ግቤቱ ተበላሽቷል። መጨረሻ ላይ መብራቱን ዜሮ አድርገሽ አስዪ። የማቀዝቀዣው ፍጆታ ካልቀነሰ የሆነ ቦታ ያልተያያዘ ነገር አለ።