ለእናትሽ ኪው 10 ከመስጠትሽ በፊት

እህቴ፣ «እናቴን ልቧን ያማታል፤ ወንድሜ ከአሜሪካ ኮኤንዛይም ኪው 10 ልኮላታል፤ ልስጣት ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። በእኔ የደረሰው በአንቺ እንዳይደርስ ልንገርሽ።

1. እናትሽ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ አንድ ላይ አውጥተሽ እያቸው። ዋርፋሪን የተባለው የደም ማቅጠኛ ካለበት የኪው 10ን ጠርሙስ አትክፈቺው። በኬሚካል ቅርጹ ደም እንዲረጋ የሚረዳውን ቫይታሚን ኬን ስለሚመስል የዋርፋሪኑን ኃይል ሊያዳክም ይችላል።

እኔ ይህን ያወቅሁት እናቴ ሆስፒታል ከተኛች በኋላ ነው። ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ከተገጠመላት 6 ዓመቷ ነው። ዋርፋሪን ስለምትወስድ፣ ደሟ ምን ያህል ዘግይቶ እንደሚረጋ የሚያሳየውን ቁጥር፣ አይኤንአሩን ማለቴ ነው፣ ከ2.5 እስከ 3.5 ለማቆየት፣ ቫይታሚን ኬ የሚበዛበትን ጎመን በጾም እንኳ እየመጠንኩ አበላት ነበር። እህቴ ኪው 10 ስትልክ ለጥንቃቄ ብዬ መድኃኒት ቤት ጠየቅሁ። ባለሙያዋ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ «ቫይታሚን ነው፣ ምንም አያደርጋትም» አለችኝ። ያቺ መልስ እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች። ቫይታሚን እኮ አይደለም፤ ሰውነታችን ራሱ ይሠራዋል። በ1957 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ፍሬደሪክ ክሬን ያገኘው ከበሬ ልብ ነው። ሴሎቻችን ምግብን ወደ ኃይል የሚለውጡት በእርሱ እርዳታ ስለሆነ፣ ያለ ዕረፍት የሚመታው ልብ ብዙ ይፈልገዋል።

ኪው 10 በጀመረች በሦስተኛው ሳምንት ቁጥሩ ወርዶ 1.6 ገባ። ሐኪሙ «ጎመን አብዝታለች?» ሲለኝ በእግዚአብሔር ስም ማልሁ። ያቺ ብርቱካንማ እንክብል ግን ትዝም አላለችኝ። ቫልቩ ላይ ደም እንዳይረጋባት 9 ቀን ሄፓሪን እየተወጋች ተኛች።

2. ዋርፋሪን ከሌለም ለሐኪማቸው ሳትነግሪ እንዳትጀምሪ፤ የልብ መድኃኒታቸውንም በእርሱ እንዳትተኪ። ጥቅም የለውም አልልም። በ2014 የታተመ ጥናት 420 የልብ ድካም ሕሙማንን ለ2 ዓመት ተከታትሎ፣ በቀን 300 ሚሊግራም ከወሰዱት መካከል የሞቱት ያነሱ መሆናቸውን አሳይቷል። ሕሙማኑ ግን መደበኛ መድኃኒታቸውን አላቋረጡም።

3. ወደ ሐኪም ስትሄጂ ጠርሙሱን ራሱን ያዢ። «ቫይታሚን ትወስዳለች» ካልሽ ማንም አይመዘግብልሽም። እኔ አሁን ቁጥሯንና አዲስ የገባላትን ነገር ሁሉ በደብተር እጽፋለሁ፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ ከ2.5 ወርዶ አያውቅም። ሐኪሙም መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ደብተሬን ነው።

እናትሽ ዋርፋሪን ይወስዱ እንደሆነ ዛሬውኑ እዚሁ መልሺልኝ።